«በሞቴ አንድ ብቻ» የሚሉኝን እንዴት ቻልኳቸው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ ስል ብዙ ሰው ይስቃል። «ተሰብስበው ምን ይጠጣሉ?» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ሰው የሚሰበሰበው መጠጥ ባለበት ነው። ማኅበሩ ጠላ፣ ሠርጉ ጠጅ፣ ለቅሶው አረቄ፣ ደቦው እንደገና ጠላ። ሰው ተሰብስቦ፣ አውርቶ፣ ጉሮሮው እንደደረቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል ቢባል ማን ያምናል?

እኔም አላምንም ነበር። አሁን ግን በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው መጠጥ አስቸግሮት የት እንደሚሄድ ግራ ለገባው ሰው ነው። በተለይ ጎጃም ላለ ሰው። ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ምክር እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ አይሠራም። «መጠጥ ወዳለበት አትሂድ» ይላል። ታዲያ የት ልሂድ? ገዳም ልግባ?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብሱ ያማረለት ደንበኛ ሂሳቡን ከፍሎ ዝም ብሎ አይሄድም። «ና እስቲ፣ እጅህ ይባረክ» ብሎ ማዶ ካለችው አረቄ ቤት ያስገባል። በበዓል ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ነው የምንሰፋው። ያኔ አረቄ እንቅልፍ ማባረሪያ ይሆናል። የእኛ አገር አረቄ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ዳጉሳው፣ ብቅሉና ጌሾው ተጠንስሶ ነው የሚወጣው። ዳግም የሆነው ሲወርድ ደረት ያቃጥላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ መጠጥ ማስተዋወቅ በአዋጅ ተከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም እንዲሁ። ጥሩ ነው። ግን አረቄ መቼ ማስታወቂያ አስፈልጎት ያውቃል?

ከጊዜ በኋላ የማታው ወደ ማለዳ ተሻገረ። አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ እየተንቀጠቀጠ ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ለማጅ ልጅ ነበር። ምንም አይልም። ጠዋት ጠዋት ሳልጠይቀው የስፌት መኪናዬን መርፌ ክር ያስገባና ዞር ይላል። ሚስቴ የተናገረችኝ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ልጅ ዝምታ ያህል አልከበደኝም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም ሰው የሚሞክረውን ነው። ንስሐ አባቴ ፊት ተገዘትኩ። ሁዳዴን ያዘልኝ። ፋሲካ ሲደርስ «ጾሙ ተፈታ እኮ» ተባልኩ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ የማዶዋ አረቄ ቤት ወንበር ላይ ነበርኩ። ግዝትን አላቃልልም። ቡድናችን ውስጥ ግዝቱ እስከ ዛሬ የያዘለት፣ ግን ብቻውን መሆን ከብዶት የመጣ ሰው አለ። እኔን የጎደለኝ ከግዝቱ በማግስቱ የማወራው ሰው ነበር። አባስ ስንቱን ይከታተሉ? የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው።

መንገዱን ያሳየችኝ ጎረቤታችን ናት። ነርስ ናት። «የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ። ተቆጣሁ። «አበድኩ እንዴ?» አልኳት። «አንተዬ፣ የመጠጥ ጉዳይም የሚታየው እዚያው ነው» አለችኝና ሳቀች።

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው፣ አገራችንም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም አለ። እሱ ውስጥ የመጠጥ ሱስ ከድብርትና ከሚጥል በሽታ ጋር እኩል ተቆጥሯል። ስለዚህ ሄዳችሁ «መጠጥ አስቸገረኝ» ብትሉ ያለ ቦታችሁ አልገባችሁም። ወረፋው ላይ የሚያውቃችሁ ሰው ሊያያችሁ ይችላል። ያየኛል ብዬ ኮፍያ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውም ኮፍያ አድርጎ ነበር።

ዐሥር ጥያቄ ጠየቁኝ። እሱንም ያዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በየስንት ጊዜው ትጠጣለህ? ስትጠጣ ምን ያህል ነው? ከጀመርክ በኋላ ማቆም አቅቶህ ያውቃል? ጠዋት ሳትጠጣ መነሳት ያቅትሃል? ማታ የሆነውን ረስተህ ታውቃለህ? ዘመድ ወይ ሐኪም «ቀንስ» ብሎሃል? እንዲህ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥያቄ እስከ 4 ነጥብ አለው፣ ጠቅላላው 40 ነው። ከ8 ጀምሮ ያሳስባል ይላሉ። የእኔን አልነግራችሁም። 8ን ግን ጥያቄው ሳያልቅ ነው ያለፍኩት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ ከዐሥሩ ውጪ ያለ ነው። ባለሙያው «አንድ ቀን ሙሉ ሳትጠጣ ስትውል ምን ትሆናለህ?» አለኝ። ላብ ያሰምጠኛል፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ እንቅልፍ የለም፣ ልቤ ይመታል፤ ነገርኩት። «እንግዲያው ዛሬ በድንገት እንዳታቆም» አለኝ። ግራ ገባኝ። ለማቆም አይደል እንዴ የመጣሁት?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይታመማል። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ አንዳንዱን እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የት እንዳለ የሚጠፋበት፣ ትኩሳት የሚይዘው ሰው አለ። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። እኛ አገር ሰው እንዲህ ሲሆን «መንፈስ ያዘው» ተብሎ በቀጥታ ወደ ጸበል ይወሰዳል። ጸበልን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ከጸበሉ በፊት ሐኪም ይየው። ሁለቱ አይጣሉም።

ለእኔ ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ የሚወሰድ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ቲያሚን የሚሉት ቫይታሚን ቢ1ም ተሰጠኝ። ጠጪ ሰው ምግብ ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል። ሲያልቅ አንጎልን ይጎዳል። ዲያዜፓሙን ግን ከጎረቤት ለምናችሁ እንዳትውጡ። መጠጥ ላይ ከተደረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

መድኃኒቱን ስጨርስ ባለሙያው «ሰውነትህ ተረጋግቷል። ፋሲካስ?» አለኝ። ስለ ቡድኑ የነገረኝ ያኔ ነው።

የምንሰበሰበው በሳምንት አንድ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ቀን ቀን ለምክር አገልግሎት በሚውል ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት በሩን አልፌ ሄድኩ። ተመለስኩ። እንደገና አለፍኩ። ማርቆስ ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ቶሎ ይታያል፣ እሱ ሲያሳፍረኝ ገባሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የለበሰውን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ! ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ግባ ወንድምዓለም፤ እኔም አላየሁህ፣ አንተም አላየኸኝ» አለኝ።

የተለየ ነገር የለውም። ወንበር በክብ ይደረደራል። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ አለ። ባለ ተራው ይከፍታል፣ የፈለገ ይናገራል። ያልፈለገ «ዛሬ እሰማለሁ» ካለ ማንም አይጎተጉተውም። እኔ ረዘም ላለ ጊዜ ሰሚ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም። «አንተ እንዲህ ብታደርግ» ማለት ክልክል ነው። ሁሉም የሚናገረው የራሱን ነው። ይህ ለጎጃም ሰው ከባድ ሕግ ነው። ምክር ሳንለግስ መቀመጥ አልለመደብንም። አንዳንድ ሽማግሌ ምክሩን መዋጥ ሲያቅታቸው በግልጽ ይታያል። እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል። የስም መዝገብ የለም። ክፍያ የለም። ለቡናና ለስኳር ያለው ያዋጣል።

እነዚህን ደንቦች እኛ አልፈጠርናቸውም። አብዛኞቹ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ከሚባለው ማኅበር የተወሰዱ ናቸው። በአጭሩ ኤኤ ይሉታል። እንዴት እንደተጀመረ አንዱ አባላችን ነገረን። በፈረንጆቹ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክረን ሄደ፤ ኦሃዮ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ሥራው ከሸፈበት። ያረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤት አለው። ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አነሳና ለአንድ የሃይማኖት አባት ደወለ። እንደ እሱ መጠጥ ያስቸገረው ሰው እንዲያገናኙት ነው የለመነው። በዚህ መንገድ ከቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ቦብ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ስሰማ ልብስ ሰፊው ጆሮዬን ቀሰርኩ። ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበትን ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1935ን፣ ማኅበሩ የተመሠረተበት ዕለት አድርገው ይቆጥሩታል።

እኛ ራሳችንን ኤኤ ብለን አንጠራም። 12ቱን እርምጃዎቻቸውንም እንደ ትምህርት ተራ በተራ አንሄድባቸውም። የመጀመሪያውን ግን ሁላችንም እንቀበላለን፦ በመጠጥ ላይ አቅም የለኝም ማለት ነው። ለመግባት የሚጠየቀውም እንደ እነሱ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለማቆም መፈለግ። አቁሞ መምጣት አይደለም፤ መፈለግ።

እነሱ ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ «እያንዳንዳችን እንደምንረዳው» ይላሉ። ይህ ለእኛም ጠቅሞናል። አንድ ሙስሊም ወንድማችን አለ። «የእናንተ ነውር ግማሽ ነው፤ የእኔ ሙሉ ነው» ብሎናል አንድ ቀን። ስለዚህ ጸሎቱ ለየራስ ነው፣ በዝምታ።

አረቄ የሚያወጡ አንዲት እናትም አሉ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው። የሚያወጣ ሰው ሳይቀምስ ጥራቱን አያውቅም፣ እሳቸውን የያዛቸውም በዚያው በኩል ነው። «ሥራ ይቀይሩ» ማለት ቀላል ነው። በምን? አሁን የሚቀምሱላቸው ጎረቤታቸው ናቸው። እሳቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው እሳቱን ብቻ ይጠብቃሉ። ጥሩ መፍትሔ ነው ወይ? አይመስለኝም። እስካሁን ግን ይዟቸዋል።

ከቡድኑ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ግን እምቢ ማለት ነው። እኛ ጋ እምቢታ ንቀት ነው። አስተናጋጁ «በሞቴ» ይላል። «አፈር ስሆን» ይላል። «እኔን ካልክ» ይላል። እናቱ ናት፣ አክስቱ ናት፣ የሙሽራው አባት ናቸው። ፊታቸው ቆሞ ብርጭቆ የሚመልስ ማን ነው? ሰው የሚወድቀው ብቻውን አረቄ ቤት ገብቶ ብቻ አይደለም። ሲወዱት ነው የሚወድቀው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን እንለማመደዋለን። አንዱ አስተናጋጅ ይሆናል፣ ሌላው እንግዳ። ያ ሱሪውን የሰፋሁለት ሰውዬ «በሞቴ» ሲል ውሃ ያስጠማል፣ እውነት እላችኋለሁ። በሳቅ ነው የምንፈርሰው። ከዚህ ልምምድ አንዳንድ ነገር ተምሬያለሁ።

«ዛሬ አልጠጣም» አትበሉ። «ዛሬ» ካላችሁ ድርድር ተከፈተ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ «ገና አልጨረስክም?» ይመጣል። አልፎ ተርፎ «ለእሱማ አረቄ ነው መድኃኒቱ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ከሁሉ የሚሻለው ለባለ ሠርጉ ወይም ለባለ ድግሱ ቀደም ብሎ፣ ለብቻ መንገር ነው። «ትቻለሁ፤ በሰው ፊት እንዳትለምነኝ» ይበቃል። ቀድሞ የሰማ ሰው ከለማኝነት ወደ ጠባቂነት ይዞራል። የአጎቴ ልጅ ሲዳር አጎቴ ራሱ «እሱን ተዉት» እያለ ሲከላከልልኝ ዋለ።

እጃችሁ ባዶ አይሁን። ባዶ እጅ ያየ ሁሉ ሊሞላው ይመጣል። ለስላሳ ያዙ፣ ወይም ብርዝ። ማር እንደሆነ አገራችን አላጣም። ብርዙ ግን የዕለቱ ይሁን። ካደረ ወደ ጠጅነት መሄድ ይጀምራል። ቅራሪም ውሃ አይደለም፣ የቀጠነ ጠላ ነው። «ቅራሪ ምን አላት» ብሎ የተመለሰ ሰው እናውቃለን።

ድግስ ላይ ሥራ መያዝም ጥሩ ነው። እንጀራ ማዞር፣ ወጥ ማውጣት። የሚያስተናግድን ሰው ማንም ይዞ አያስቀምጠውም። መጠጥ መቅዳቱን ግን ለሌላ ተዉት። ደግሞ ስሄድ ከቡድኑ ለአንድ ሰው እደውላለሁ፣ ስወጣም እደውላለሁ። ወሬው አጭር ነው። «ገባሁ።» «ወጣሁ።» በቃ።

ማኅበሩ ነበር የከበደኝ። ጽዋውን ካልቀመስክ ምኑን ማኅበርተኛ ሆንክ የሚሉ አባት ነበሩ። ለሙሴው ነገርኩት፣ ንስሐ አባቴንም ጠየቅኩ። «ዳቦውን ቅመስ፣ የቅዱሱን ስም ጥራ፣ ይበቃሃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ እቤቴ ጠላ ይጠመቃል። የማኅበሩ ነው፣ አልከለክልም። የሚቀዳው ወንድሜ ነው፣ የተረፈውንም ያኔውኑ ይዞልኝ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ጋን ሙሉ ጠላ አሳድሬ ልተኛ አልችልም።

ቡድኑ እንከን የለውም አልልም። አንድ ጋሼ አሉ፣ ወሬያቸውን ከደርግ ዘመን ነው የሚጀምሩት። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ እሳቸው ገና ብሔራዊ ውትድርና ላይ ናቸው። ጠጥቶ የሚመጣም አለ። ደንባችን ይቀመጥ፣ ግን አይናገር ነው። መጀመሪያ አልተዋጠልኝም፣ ሽታው ራሱ ያስቸግረኝ ነበር። አሁንም በር አጠገብ መቀመጥ ነው የምመርጠው። ቢሆንም ሰክሮ የመጣ ሰው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይችል ነበር። ወድቆ የሚመለስን ሰው ስንት ጊዜ ወደቅክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የት ነበርክ፣ ማን ጋ ነበርክ፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነህ ነበር ነው የሚባለው። ከዚህ መልስ ሌላውም ይማራል። አብዛኛው መልስ ደግሞ ያው ነው፤ ወይ በዓል፣ ወይ ገንዘብ የተቀበለበት ቀን፣ ወይ ከቤት ተጣልቶ የወጣበት ማታ።

ሚስቴ አንድ ቀን «አንተን ይሰሙሃል። እኔንስ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለጠጪ ቤተሰብ የሚሆን አል-አኖን የሚባል ማኅበር ከፈረንጆቹ 1951 ጀምሮ በውጭ አገር አለ። እኛ ጋ ሴቶቹ በራሳቸው ቡና ላይ መገናኘት ጀምረዋል። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም። ስትመለስ ግን ቀለል ብሏት ነው የምትመለሰው።

በነዚህ ዓመታት መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ ማታ መውጣት ያልተቻለበት ጊዜ ብዙ ነበር። ያኔ ክፍሉ አይከፈትም። በየሰፈራችን ሁለት ሁለት እየሆንን ቀን ቀን መገናኘት ያዝን። እኔ ሱቄ ውስጥ ነው የምቀበለው። ልብስ ሊለካ የመጣ ነው የሚመስለው፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ። ሥጋት ሲበዛ ሰው አብዝቶ ይጠጣል። ስለዚህ መቆራረጥ የማይገባን እንዲያውም በዚያ ሰዓት ነው።

ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም፣ ዳንግላም ያላችሁ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። «መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚገናኙበት አለ ወይ?» በሉ። የለም ከተባላችሁ ስልካችሁን ትታችሁ ሂዱ፣ «እንደ እኔ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ሲመጣ ስጡልኝ» ብላችሁ። ቢልና ቦብም ሲጀምሩ ሁለት ነበሩ። ክፍል ካጣችሁ የማንም ቤት ይሆናል፣ መጠጥ የማይሸጥበት ከሆነ። ሰዓቱን ግን አስቡበት። ለሁሉም ይመቻል ብላችሁ እሑድ ጠዋት አታድርጉት። ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ቢሮውን ቆልፎ ወደ መጠጥ ቤት የሚያቀናበት ሰዓት ይሁን። እኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የምንቀመጠው ለዚያ ነው።